ኮሌጃችን ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ የለውም

ይህን ታሪክ ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ ማንበብ ማቆም ትችላላችሁ። አልቀየማችሁም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔ ላይ ነው የሆነው።

ደግሞ እንደምትጠብቁት በውድቅት ሌሊት አይደለም። መቃብር ቦታም አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ተማሪ በሚመላለስበት ኮሌጅ ውስጥ፣ ከወዲያኛው ክፍል የአስተማሪ ድምፅ እየተሰማ...

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የምጽፈው በግራ እጄ አውራ ጣት ብቻ ነው። ፊደል ብስት እለፉኝ።

እሺ... ልጀምር።

የምማርበት ኮሌጅ ትልቅ አይደለም። ፎቅ የለውም። ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ረጅም ሕንፃ ነው፤ መሐሉን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ ኮሪደር አለው፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች ናቸው። የኮሪደሩ መጨረሻ ባዶ ግድግዳ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ስለተሠራ ደረጃ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

ይህችን ያዙልኝ። ደረጃ የለውም።

እኔ እዚያ "አቻ አጋዥ" ነበርኩ። ነባር ተማሪ ሆኖ አዲስ ገቢውን የሚያግዝ ማለት ነው። ክፍል ታሳያለህ፣ ምዝገባ ላይ አብረህ ትሰለፋለህ፣ ትምህርቱ ያልገባውን ታስረዳለህ፣ ሆድ የባሰውን ታጽናናለህ። ሥራው ለአፈኛ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አንገቴ ላይ "ጠይቁኝ" የሚል ባጅ አንጠልጥዬ ማንም እንዳይጠይቀኝ የምጸልይ ሰው ነኝ።

እናቴ "አንተ ልጅ፣ ቆመህ ትተኛለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። መስኮት ካገኘሁ ልቤ ይሄዳል። ጓደኛ የሚባል አልነበረኝም...

ራዳር እስኪመጣ ድረስ።

ራዳር ዓይነ ስውር ነው። ስሙን ያወጡለት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ ከኮሪደሩ ማዶ የሚመጣውን ሰው በኮቴው ይለያላ። "አስተማሪዋ መጣች፤ ዛሬ አዲስ ጫማ ነው ያደረገችው፣ ጠቧታል" ይላል። በሩ ሲከፈት አስተማሪዋ እያነከሰች ትገባለች። ክፍሉ በሳቅ ይሞታል።

እኔን መጀመሪያ ሲያገኘኝ ያለኝ ትዝ ይለኛል።

"የግራ ጫማህን ትጎትታለህ። ሶሉ ሊለቅ ነው ወይስ ኑሮ ከብዶህ ነው?"

"ሁለቱም።"

"በቃ፣ ተግባብተናል።"

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አማካሪዋ ቢሯቸው አስቀምጠው አስተማሩኝ። የአጋዦቹ ኃላፊ ናቸው፤ ጠና ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት።

"ዓይነ ስውርን ጎትተህ አትወስድም" አሉኝ። "ትመጣና በእጅህ ጀርባ የእጁን ጀርባ ትነካዋለህ። ያኔ እሱ ራሱ ክርንህን ይይዛል። አንተ ግማሽ እርምጃ ቀድመህ ትሄዳለህ። ደረጃ ሲያጋጥም 'ደረጃ ወደ ላይ'፣ 'ደረጃ ወደ ታች' ትላለህ።"

"እሺ።"

"ስትመጣ ስምህን ተናገር። 'እኔ ነኝ' አትበል። 'እኔ ነኝ' ማንም ሰው ነው።"

"እሺ።"

"ስትሄድ ደግሞ 'ሄድኩ' በል። ይህችን እንዳትረሳ። ሳትናገር ተነስተህ ከወጣህ ባዶ ወንበር ሲያናግር ይቀራል። ሰው ባዶ ወንበር ማናገር የለበትም።"

እሺ አልኩ። ቀላል ነበር የመሰለኝ።

ጠዋት ጠዋት ራዳርን እስከ ግቢው በር የምታመጣው ታላቅ እህቱ ናት። "እታለም" ነው የሚላት፤ እኔም እንደሱ እታለም አልኳት። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደረቷ ላይ ክር የተንጠለጠለበት መርፌ አይጠፋም። እጁን ከእሷ ክርን ላይ አንስታ ወደ እኔ ክርን ስታሻግር ሁልጊዜ የምትላት አንዲት ቃል አለች።

"አደራ።"

"እታለም፣ ዕቃ አደረግሽኝ እኮ!" ይላል ራዳር።

"ዝም በል፣ አንተን አላናገርኩም። ወንድሜ... አደራ። አደራ በላ እንዳትሆን።"

"ኧረ አልበላም እታለም።"

"ቢበላስ ምን ያገኛል? አጥንት ብቻ!" ይላል እሱ።

ከዚያ ክርኔን በጣቶቹ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ሹፌር... ንካው!"

በየቀኑ ነው። ያቺ መታ መታ ካልመጣች ቀኑ የተጀመረ አይመስለኝም ነበር።

ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አነብለታለሁ። ቦታችን የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከባዶው ግድግዳ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። የያዝነው መጽሐፍ የንግድ ሕግ ነበር። ደረቅ ነው... ድንጋይ ማኘክ ይሻላል።

"ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰውዬ አግብቷል?" ይለኛል ራዳር።

"ምን አገባህ?"

"ሚስቱ አሳዝናኝ ነው።"

አንድ ቀን እንዲህ እያነበብኩለት ስልኬ ነዘረ። እናቴ ናት። ራዳር ንባቡን አስቁሞኝ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ ረጅም ወሬ ጀምሮ ነበር፤ ሞቅ ብሎታል፣ እጁን እያወናጨፈ ነው። ላቋርጠው ከበደኝ። አሁን እመለሳለሁ አልኩ በልቤ። በጣቶቼ ጫፍ ተነስቼ ወጣሁ።

"ሄድኩ" አላልኩም።

እናቴን ኮሪደሩ ውስጥ አናግሬ ጨረስኩ። ከዚያ... በአንዱ መስኮት ደመና አየሁ። የተገለበጠ ጀልባ የሚመስል ትልቅ ደመና። ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

ስመለስ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ራዳር ይስቃል።

ብቻውን እንደሚስቅ ሰው አይደለም። ሰው ሲያስቀው እንደሚስቅ ነው... ጠረጴዛውን በመዳፉ እየደበደበ፣ "በቃ፣ በቃ፣ ገደልከኝ!" እያለ።

ከፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የእኔ ወንበር።

ግን እኔ ስነሳ ወደ ኋላ ገፍቼው ነበር። አሁን ከጠረጴዛው ጋር ተጠግቷል።

ቀስ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ... እንዴት ልበላችሁ... እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል።

"ቀጥል እንጂ!" አለ ራዳር፣ እንባውን እየጠረገ። "እንዲህ ጨዋታ አዋቂ ነህ ለካ! ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀኸኝ?"

"ምን አልኩህ?"

"እንዴ... አሁን ደግሞ ኮስተር አልክ?"

መጽሐፉን ሳብኩት። ስወጣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርን። የተገለጠው አራተኛው ነው።

መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ምን ብዬ? "አሁን ያሳቀህ እኔ አይደለሁም" ተብሎ ይነገራል?

ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። ቀናሁ። እኔ እንዲህ አስቄው አላውቅም።

ዝም ብዬ ከአራተኛው ምዕራፍ ቀጠልኩ።

ትንሽ ሰንብቶ ጉንፋን ጣለኝ። ለአማካሪዋ ደውዬ ሌላ አጋዥ እንዲመድቡለት ነገርኩና ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እታለም በሩ ላይ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ።

"ወንድሜ፣ ስለ ትናንቱ እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ስትዘገይ ለዘበኛው ትቼው ሄጄ ነበር፤ ኋላ ግን እስከ ታክሲው ድረስ ሸኝተኸዋል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ራሱ ነዋ!"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ክርኔ ላይ መታ መታ። "ሹፌር... ንካው!"

ኮሪደሩ ውስጥ ስንገባ ጠጋ አለኝ።

"የትናንቱ ቦታ ግን ተመችቶኛል። ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዛሬም እዚያ እናንብብ።"

"የት?"

"ታች ነዋ።"

"ታች የት?"

"አታሹፍብኝ። ያን ሁሉ ደረጃ ወርደን የለ? 'ደረጃ ወደ ታች፣ ደረጃ ወደ ታች' ስትል አፍህ አልደከመህም?"

ቆምኩ። ክርኔን ስለያዘ እሱም ቆመ።

ኮሌጃችን ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ የለውም።

"ራዳር... እኔ ትናንት ታምሜ ቤቴ ተኝቼ ነው የዋልኩት።"

ሳቀ።

"እናትህ ትሙት በል።"

"እናቴ ትሙት።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጣቶቹ ክርኔን ጠበቅ አደረጉት። ከዚያ በሹክሹክታ...

"አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር።"

"ምን?"

"ጫማህን አልጎተትክም።"

"ሌላ ዓይነት ኮቴ ነው የሰማኸው?"

"አይ... ምንም ኮቴ አልሰማሁም። የራሴን ብቻ ነው የሰማሁት።"

"ታዲያ ዝም አልክ?"

"ምንጣፍ ይሆናል ብዬ ነዋ!"

ኮሪደሩን አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሲሚንቶ ነው።

ቀጥ ብለን አማካሪዋ ጋ ሄድን። ሳያቋርጡ ሰሙን። የትናንቱን ተተኪ አጋዥ አስጠሩት፤ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው።

"ሄጄ ነበር" አለ። "ግን ከውስጥ ስታነብለት ሰማሁ። ተሽሎህ የመጣህ መስሎኝ ተመለስኩ።"

"አየኸኝ?" አልኩት።

"በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ድምፅህን ነው የሰማሁት። ምነው፣ ድምፅህን አላውቀውም እንዴ?"

ልጁ ከወጣ በኋላ አማካሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ድምፅ የሚያስመስል ባለጌ ተማሪ ይሆናል። የምይዘው እኔ ነኝ" አሉ። አነጋገራቸው ግን ያመኑ አይመስልም። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሳትነግረው ተነስተህ የወጣህበት ቀን አለ?"

ወለሉን አየሁ።

"አንድ ቀን..."

ከዚያ ክፍሉን ለውጠው መግቢያው አጠገብ ያለውን ሰጡን። "በሁለታችሁ መካከል ሌላ የማያውቀው ቃል ይኑር። ያን ቃል ያላለህን ሰው አትከተል" አሉት ራዳርን። ያችን ጠባብ ክፍል በቁልፍ ዘጓት።

ቃሉን የመረጠው ራዳር ነው። ግቢው መሐል፣ ሣሩ ላይ፣ ከሕንፃው ርቀን፣ በጆሮዬ ውስጥ...

"የአይጥ ሠርግ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ምንም። ለዚህ ነው ማንም የማይገምተው።"

ለተወሰነ ጊዜ ሰላም ሆነ። ስመጣ ስሜን እናገራለሁ፣ ቃሉን በጆሮው እላለሁ፣ እሱ ኮቴዬን ያዳምጣል። ስሄድ "ሄድኩ" እላለሁ። እንደውም መቀለድ ጀመርን።

"ሰውዬው ቀረ እኮ" ይለኛል። "ከአንተ ይሻል ነበር። ሲያነብ አይደነቃቀፍም።"

"ሂድና ፈልገዋ!"

"ደረጃው ጠፍቶብኝ ነው እንጂ..."

እንስቃለን። የእኔ ሳቅ ከአንገት በላይ ነበር።

አንድ ከሰዓት ግን እያነበብኩ ሳለ ራዳር እጁን አነሳ። ቆምኩ።

"ቀጥል" አለኝ በሹክሹክታ።

አንድ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። ጭንቅላቱን ወደ ወለሉ ዘንበል አደረገ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምንድን ነው?"

"ድምፅህ ሁለት ነው። አንዱ ከታች ነው የሚመጣው።"

"ማስተጋባት ነው።"

"ማስተጋባት ኋላ ነው የሚመጣው" አለ ራዳር። "ይሄ ግን... ቃሉን ከአንተ ቀድሞ ይጨርሰዋል።"

ያን ቀን መጽሐፉን ዘጋን። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ ብቻ ነበር የማነብለት።

እስኪዘንብ ድረስ።

ከምሳ በኋላ ነበር። ራዳርን መግቢያው አጠገብ ያለው ክፍል አስቀመጥኩት። በሥርዓቱ ነገርኩት። "ሄድኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሼ እመጣለሁ። ስሜን ሳልናገር፣ ቃሉን ሳልል አትነሳ።"

"ኮቴህንም ሳልሰማ" አለ ራዳር። "ሂድ፣ ሕፃን አይደለሁም።"

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው። ወረቀቶቹን ተቀብዬ ስዞር ሰማዩ ተናደ። የቆርቆሮ ጣራ በዚያ ዓይነት ዝናብ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። ጆሮህ ሥር ካልተናገሩ በቀር ምንም አይሰማም። ዝናቡ ጋብ እስኪል ጥግ ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ ገባኝ።

በዚህ ዝናብ ኮቴ አይሰማም። ቃሉንማ እዚያው ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ... ከታች የሚሰማ እያለ።

ወረቀቱን ጥዬ ሮጥኩ።

ክፍሉ ባዶ ነው። የራዳር ወንበር በሥርዓት ወደ ጠረጴዛው ተጠግቷል።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ... እና አየሁት።

ከዚያኛው ጫፍ ሊደርስ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ባዶው ግድግዳ ይሄዳል። ቀኝ እጁ በትሩን ይዟል። ግራ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ታጥፈው... ክርን ይዘዋል።

ክርን የለም። አየር ነው የያዘው።

"ራዳር!"

ዝናቡ ዋጠው።

"ራዳር! እኔ እዚህ ነኝ! ቁም!"

ሮጥኩ። እርጥብ ጫማዬ ከዳኝ፣ በአፍ ጢሜ ተደፋሁ። ቀና ስል ራዳር ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አጠገቡ የሚነገረውን ያዳምጣል። "እሺ" እንደሚል ሰው ነቀነቀ። በትሩን እንደማያስፈልግ ነገር ግድግዳው ላይ አስደገፈው። አንድ እግሩን ወደ ፊት ሰደደ...

እግሩ ሲሚንቶው ውስጥ ገባ።

እንደሚሰጥም ሰው አይደለም። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው። ረጋ ብሎ። በእያንዳንዱ እርምጃ እያጠረ... ጉልበቱ... ወገቡ... ደረቱ...

እየሳቀ ነበር። ከጎን ጉንጩን አየሁት። ይስቅ ነበር።

ስደርስ የቀረው ፀጉሩ ብቻ ነው። እጄን ሰደድኩ። የነካሁት መሰለኝ።

መዳፌ ሲሚንቶ መታ።

ደረቅ ነው። ድፍን ነው። ቀዝቃዛ ነው።

ፖሊስ መጣ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ እርስ በርስ ተያዩ። ደግ የሆነው አንዱ ወለሉን በመዶሻ ደበደበልኝ። ኳ ኳ... ድፍን። "በዝናቡ ወጥቶ መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል" ተባለ። ወንዝ ተፈለገ፣ ሐኪም ቤት ተፈለገ። አማካሪዋ ባጄን ከአንገቴ አወለቁ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

እታለም አልጮኸችም። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልትወስደው እንደመጣች ሁሉ በየቀኑ ከሰዓት ትመጣለች፤ በትሩን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ ቀን ጠራችኝ።

"ወንድሜ።"

ቆምኩ።

"አልረግምህም" አለች። ደረቷ ላይ ያለው መርፌ ክር የለውም። "አትፍራኝ። አደራዬን ብቻ ስጠኝ።"

"እታለም፣ እኔ..."

"ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም። አደራዬን።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስብኛል። ራዳር ያን ደረጃ የወረደው ወለሉን ስለማያይ ይሆን? እኛ ስለምናየው ይሆን ሲሚንቶ የሚሆንብን?

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ መጨረሻ ቆምኩ። ተማሪው ክፍል ገብቷል። ከአንዱ ክፍል አስተማሪዋ ስታስረዳ ይሰማል፣ ጠመኔ ሰሌዳ ሲቧጭር ይሰማል። ፀሐይ በመስኮቶቹ ገብታ ወለሉን አጥለቅልቃዋለች።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

አንድ እርምጃ። ሲሚንቶ።

ሌላ። ሲሚንቶ።

ሌላ...

እግሬ ወለሉን አጣው።

ሰውነቴ በሙሉ ዓይንህን ግለጥ ይለኛል። ግን ብገልጥ ወገቤ ድረስ ሲሚንቶ ውስጥ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። በእጄ የምዳስሰው ግድግዳ እርጥብ ነው። የአስተማሪዋ ድምፅ ከላዬ እየራቀ ሄደ፣ ጠፋ። ቅዝቃዜው ያ የወንበሩ ቅዝቃዜ ነው።

ከታች ንባብ ይሰማል።

የንግድ ሕግ። በእኔ ድምፅ። ሳይደነቃቀፍ... ትንፋሽ ሳይወስድ...

"ራዳር..." አልኩ።

ንባቡ ቆመ።

"ራዳር... እኔ ነኝ።"

እኔ ነኝ አልኩ። ስሜን አልተናገርኩም። ያን ቃላችንንም አልጠየቅኩም። ያ ሁሉ ምክር፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ... ከጭንቅላቴ ጠፋ።

መጽሐፍ ሲዘጋ ሰማሁ።

ከዚያ የእጅ ጀርባ የእጄን ጀርባ ነካው። መንካት የነበረብኝ እኔ ነኝ... ያኔ ግን አላስተዋልኩትም። ጣቶች ቀኝ ክርኔን ያዙ።

መታ መታ።

አለቀስኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። "ያዘኝ። አጥብቀህ ያዘኝ። ምንም ቢመጣ እንዳትለቀኝ።"

ዞርኩ። "ደረጃ ወደ ላይ" አልኩት። "ደረጃ ወደ ላይ... ደረጃ ወደ ላይ..."

ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለ። ደክሞት ነው አልኩ።

የምሰማው የራሴን ኮቴ ብቻ ነው። የግራ ጫማዬ ሲጎተት። ምንጣፍ ይሆናል አልኩ።

ከታች፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ነገር ግድግዳ ይመታል። ኳ ኳ... ይቆማል... ኳ ኳ... ማስተጋባት ነው አልኩ። ፈጠን ብዬ ወጣሁ።

እግሬ ሲሚንቶ ረገጠ። ሙቀቱ ፊቴን ነካው። የአስተማሪዋ ድምፅ ተመለሰ። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም፤ ብገልጥ ወደ ታች የሚመለስብኝ መሰለኝ። ግድግዳውን በግራ እጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። በክፍሎቹ በር ሳልፍ በየተራ ጸጥ ይላሉ። አስተማሪዋም አቆመች። አንዲት ልጅ "እናቴ..." ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ወንበር ወደቀ።

በደስታ ነው አልኩ። ራዳርን ስላዩ ነው።

ፀሐይዋ ግንባሬ ላይ አረፈች። ግቢው በር ደርሰናል። እዚያ እንደምትቆም አውቃለሁ።

"እታለም!" ጮህኩ። "አደራሽን አመጣሁ!"

ሩጫ ጠበቅኩ። ለቅሶ ጠበቅኩ። ምንም የለም።

በትሩ ሲወድቅ ሰማሁ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

እታለም ፊት ለፊቴ ቆማለች። እጇ አፏ ላይ ነው። እኔን አይደለም የምታየው... ከትከሻዬ ኋላ፣ ግማሽ እርምጃ ኋላ ያለውን ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ደገመች።

"ወንድሜ..." አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። "ማንን ነው ያመጣህብኝ?"

ልዞር ፈለግኩ። አንገቴ እምቢ አለኝ።

ቀኝ ክርኔን የያዙት ጣቶች ጠበቅ አሉ።

መታ መታ።

ከዚያ ከጆሮዬ ሥር... በራሴ ድምፅ... ሳይደነቃቀፍ...

"ሹፌር... ንካው።"